የቆመ ሞተር ምርመራ፦ ባለ ሁለት ምት ሞተር በራያ ቆላ

ባለ ሁለት ምት ሞተር፣ በጋራዥ አነጋገር ቱ ስትሮክ፣ ክራንክሻፍቱ አንድ ዙር በዞረ ቁጥር አንድ ጊዜ የሚቀጣጠል ሞተር ነው። ባለ አራት ምቱ ነዳጅ ለመሳብ፣ ለማመቅ፣ ለማቃጠልና ጭሱን ለማስወጣት ፒስተኑን ሁለት ጊዜ ያወጣል፣ ሁለት ጊዜ ያወርዳል። ባለ ሁለት ምቱ ይህን ሁሉ በአንድ መውጣትና በአንድ መውረድ ይጨርሳል። እንደ ባለ አራት ምቱ የሚከፈትና የሚዘጋ ቫልቭ ከላዩ የለውም፤ ካምሻፍት የለውም፤ ከሥሩም የዘይት ገንዳ የለውም። ትንሽና ቀላል ሆኖ ጉልበታም የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ቶሎ የሚጎዳውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሥራውን በሁለት ምት ሊጨርስ የቻለው ከፒስተኑ በታች ያለውን ክፍል እንደ ወናፍ ስለሚጠቀምበት ነው። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ ከሥሩ ያለው ክፍል ይሰፋና ከካርቡሬተሩ የአየር፣ የቤንዚንና የዘይት ጉም ይስባል። ሲወርድ ያው ጉም ይታመቅና በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ በተበጁት መተላለፊያዎች ወደ ላይ ይገፋል፤ ከላይ የቆየውን ጭስ እያባረረ ቦታውን ይይዛል። አንጥረኛ ወናፉን ሲከፍት አየር ያስገባል፤ ሲጫነው ወደ ፍሙ ይልከዋል። ወናፉ ከተቀደደ ግን አንጥረኛው የቱንም ያህል ቢደክም ብረቱ አይግልም። የቱ ስትሮክ ሞተርም የታችኛው ክፍሉ ከተነፈሰ እንደዚያው ነው። ባለ አራት ምት ሞተር ብቻ የለመደ መካኒክ ብዙ ጊዜ የሚስተው ይህን ነው፤ ከላይ ያለውን ሁሉ ፈትሾ ደህና ነው ሲል ሕመሙ ከታች ይቀራል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1870ዎቹ መጨረሻ ስኮትላንዳዊው ዱጋልድ ክለርክ የመጀመሪያውን ባለ ሁለት ምት ሞተር ሠራ፤ የታችኛውን ክፍል እንደ ወናፍ የሚጠቀመው ዓይነት ግን ከእንግሊዛዊው ጆሴፍ ዴይ የመጣ ሲሆን የፈጠራ መብቱ የተመዘገበው በ1891 ነው። የጃፓኑ ያማሃ በ1964 ዘይቱን ከቤንዚኑ ለይቶ በትንሽ ፓምፕ የሚያደርስ፣ ኦቶሉብ ያለውን ዘዴ አወጣ። በ1968 ደግሞ ዲቲ 1 የተባለችውን የገጠር መንገድ ሞተር ሳይክል ለገበያ አቀረበ። በኢትዮጵያ የግብርና፣ የጤናና የእርዳታ ሠራተኞች ለብዙ ዓመታት የነዷቸው ዲቲ 125 እና ኤጂ 100 ከዚሁ ቤት የመጡ ናቸው። የመጀመሪያዋ ሲሊንደር 123 ሲሲ፣ የሁለተኛዋ 97 ሲሲ ነው። ባለ ሦስት እግሩ ባጃጅም በሁለቱም ዓይነት ተሠርቷል፤ ባለ ሁለት ምቱ 145 ሲሲ ነው። በጀርባ የሚታዘለው የሞተር መርጫ እንኳ ብዙውን ጊዜ ከዚሁ ወገን ነው። እዚህ ስለ ሞተር ሳይክል የሚነገረው ለመርጫውም ከሞላ ጎደል ይሠራል።

በራያ ቆላ፣ ከወልድያ ወደ ሰሜን የሚሄደው አውራ ጎዳና ጎብዬንና ሮቢትን አልፎ ቆቦ ይገባል፤ ከዚያም በዋጃ አድርጎ ወደ አላማጣ ይቀጥላል። ከአስፋልቱ ላይ ለሚያየው ሜዳው ለሞተር የተመቸ ይመስላል። የልማት ሠራተኛው ግን ከአስፋልቱ ወርዶ በማሽላ ማሳ መካከል ወደ ዞብል ተራራ ግርጌ፣ ወይም ወደ ጎሊና ወንዝ ዳር፣ አለዚያም በቆቦ ጊራና ሸለቆ ወዳሉት የመስኖ ጉድጓዶች ይታጠፋል። በበጋ አቧራው እንደ ዱቄት የላመ ነው። የወንዙ መሻገሪያ ወይ ደረቅ አሸዋ ነው፣ ወይ ከደጋ የዘነበ ዝናብ ድንገት ያመጣው ደራሽ። በክረምት ደግሞ ዋልካው ከጎማው ወደ ሞተሩ ይወጣል። ሙቀት፣ አቧራ፣ አሸዋ፣ ጭቃና ከደጋ ወደ ቆላ መውረድ፦ ቱ ስትሮክን የሚገድሉት አምስቱም እዚህ በአንድ ወረዳ ውስጥ ይገኛሉ።

ስለዚህ ሞተር ከሚታወቀው ሁሉ ለምርመራ የሚበልጠው አንድ ነገር ነው፤ ዘይቱ ገንዳ ውስጥ ተቀምጦ አይጠብቅም። ከነዳጁ ጋር ይገባል፣ ኩሽኔታውንና የሲሊንደሩን ግድግዳ አለስልሶ ያልፋል፣ ከዚያ ይቃጠላል። በእጅ ተቀላቅሎ በሚነዳ ሞተር ላይ የቤንዚኑ መንገድ በጥቂቱ ቢጠብ ሦስት ነገር አብሮ ይደርሳል። ዘይቱ ይቀንሳል። ሲተን ሙቀት ይወስድ የነበረው ቤንዚን ስላነሰ ሞተሩ ይግላል። ነዳጅ ያነሰው ውህድም ራሱ በበለጠ ሙቀት ይቃጠላል። የነዳጅ ማነስ በባለ አራት ምት ሞተር ላይ ጉልበት ማጣት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ግን ሞት ነው። ኦቶሉብ ያለው ሞተር ዘይቱን በራሱ ፓምፕ ያገኛል፤ ፓምፑ ግን የጋዙን ገመድ ተከትሎ የሚታዘዝ ስለሆነ ጋዙ ሲዘጋ ዘይቱም ይቀንሳል።

ቁልቁለት ላይ የሚነክስ፣ ማለትም ፒስተኑ ሲሊንደሩ ላይ የሚጣበቅ፣ ሞተር ምሥጢሩ ይኸው ነው። ከኮረም ወደ አላማጣ የሚወርደውን ጠመዝማዛ፣ ወይም ከዞብል ወደ ሜዳው የሚያወርደውን ኮረኮንች የሚወርድ ሰው ጋዙን ዘግቶ ሞተሩ እንዲይዝለት በካምቢዮ ይወርዳል። ጎማው ሞተሩን በኃይል ያዞረዋል፤ ፒስተኑ በደቂቃ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ይመላለሳል፤ በእያንዳንዱ ዙር የሚደርሰው ዘይት ግን ሞተር ሳይክሉ ቆሞ፣ ጋዝ ሳይነካ፣ በሚኒሞ ሲሠራ ከሚደርሰው እጅግም አይበልጥም። የለመዱ ነጂዎች በየመካከሉ ፍሪሲዮን ይዘው ጋዙን አንድ ሁለት ጊዜ ከፈት የሚያደርጉት ለዚህ ነው። አይተው ለማያውቁት ነጂው ያለ ምክንያት ነዳጅ የሚያባክን ይመስላቸዋል። እርሱ ግን ሞተሩን ዘይት እያጠጣ ነው።

ሞተሩ ሲቆም የመጀመሪያው ምርመራ የሚደረገው በመፍቻ አይደለም፤ በጥያቄ ነው። እንዴት ቆመ? መብራት እንደጠፋ በአንዴ ጸጥ ካለ ጥርጣሬው ወደ ኤሌክትሪኩ ይሄዳል። እያነቀው፣ እየተንገዳገደ፣ ጋዝ ሲጨመርለት ይብሱን እየሞተ ከቆመ ነዳጅ አጥሮታል። ጉልበቱ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ እየከበደ፣ ድምፁ እየታፈነ፣ ከፊት የያዘው ነገር ያለ ይመስል ፍጥነቱን እየቀነሰ ሄዶ የኋላው ጎማ ከቆለፈ ፒስተኑ ሲሊንደሩን ነክሷል። ከመቆሙ በፊት ባሉት ቀናት ሚኒሞው አልረጋ ብሎ፣ ጋዙ ከተለቀቀ በኋላም ለብቻው ሲጮህ ከነበረ ወናፉ አየር እየሳበ ነው። ይህን ታሪክ የሚያውቀው ነጂው ብቻ ነው፤ ሞተሩ በጭነት መኪና ተጭኖ ጋራዥ ሲደርስ ታሪኩ አብሮ ካልደረሰ የምርመራው ግማሽ መንገድ ላይ ቀርቷል። የጠረጠረ ነጂ ደግሞ ደጋግሞ መርገጥ የለበትም። የነከሰ ሞተር በግድ ሲረገጥ የተላጠው አሉሚኒየም ይበልጥ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፤ ፋሻ የሚባለው የፒስተኑ ቀለበትም ይሰበራል። በጥላ ሥር ግማሽ ሰዓት ማቀዝቀዝ ይቀድማል። ውኃ ማፍሰስ ግን አይገባም፤ የጋለ ሲሊንደር በድንገት ሲቀዘቅዝ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል።

ከቀዘቀዘ በኋላ ካንዴላው ይፈታል። መልኩ ብዙ ይናገራል፦ የተቆላ ቡና የመሰለ ቡናማ ጤነኛ ነው፤ ጥቁርና እርጥብ ሆኖ የሚያብለጨልጭ ነዳጅ ወይም ዘይት በዝቶበታል፤ እንደ አመድ የነጣ፣ ነጩ ሸክላ ላይ ጥቃቅን የአሉሚኒየም ፍንጥርጣሪ ያለበት ከሆነ ፒስተኑ መቅለጥ ጀምሯልና ሞተሩ ሳይከፈት ዳግመኛ መነሳት የለበትም። አንዳንዴ በሁለቱ ጫፎች መካከል እንደ ክር የቀጠነ የከሰል ድልድይ ይገኛል። እሳቱ በዚያ በኩል ስለሚያልፍ ብልጭታ አይኖርም። በጥፍር ማንሳት ይበቃል፤ ክፍተቱም 0.7 ሚሊ ሜትር አካባቢ መሆኑ ይታያል።

እሳት መኖሩን ለማየት ካንዴላው ካፑ ላይ እንዳለ ብረቱ ከሲሊንደሩ ክንፎች ጋር ይነካል፤ ከካንዴላው ቀዳዳ ግን ራቅ ይላል፤ ከዚያ የሚወጣው ጉም ሊቀጣጠል ይችላልና። ሲረገጥ ሰማያዊ፣ ጠጠር ያለ ድምፅ ያለው ብልጭታ ይጠበቃል። ቢጫ ወደ ቀይ ያዘነበለና የሳሳ ከሆነ ደካማ ነው። እዚህ ላይ ሊታወቅ የሚገባው፣ ደጅ ላይ የሚፈነጥቅ እሳት በታመቀ አየር ውስጥም ይፈነጥቃል ማለት አለመሆኑ ነው። ካንዴላ ርካሽ ነው። በኪስ የተያዘ አዲስ ካንዴላ ቀይሮ መሞከር ብዙ ክርክር ያስቀራል።

በቆላ ሙቀት ሁለት ብልሽቶች እንደ መንታ ይመሳሰላሉ። ሁለቱም ሞተሩን ግማሽ ሰዓት ያህል ደህና አስነድተው ይገድሉታል። ሁለቱም ካረፈ በኋላ መልሰው ያስነሡታል፤ ከዚያ ደግሞ ይገድሉታል። አንደኛው የእሳት ማመንጫው ጥቅል ሽቦ ነው፤ ሲግል ውስጡ የተጎዳው ሽቦ ይለያያል፣ ሲቀዘቅዝ ይገጥማል። ሁለተኛው የታንከሩ ክዳን መተንፈሻ ነው፤ አቧራና ላብ ተለንቅጦ ሲደፍነው ከታንከሩ የወጣውን ቤንዚን የሚተካ አየር አይገባም፣ ቤንዚኑም መውረዱን ያቆማል። ብዙ መካኒክ በዚህ ተታሎ ካርቡሬተር ሦስት ጊዜ ፈትቷል፣ ደህና ጥቅል ሽቦም ለውጧል። መለያው ቀላል ነው። መንከስ ካልተጠረጠረ ሞተሩ እንደቆመ፣ ማቀዝቀዙ ሳይጠበቅ፣ ሌላ ነገርም ሳይነካ፣ ክዳኑ ቀስ ተብሎ ይከፈታል። አየር እያፏጨ ወደ ውስጥ ከገባና ሞተሩ ወዲያው ከተነሣ መተንፈሻው ነው። ፉጨት ከሌለና ካንዴላው እንደጋለ ሲሞከር እሳት ካልሰጠ ሽቦው ነው። ይህ ፍተሻ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ዋጋ የሚኖረው ግን ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ከተደረገ ብቻ ነው።

ነዳጁን ለመመርመር የካርቡሬተሩ ሳህን ሥር ያለችው ብሎን ላላ ተደርጋ ቤንዚኑ ወደ ብርጭቆ ይቀዳል። ውኃ ካለ እንደ ጠብታ ተሰብስቦ ከሥር ይቀመጣል፤ አሸዋና ዝገትም ይታያል። ማደያው ባዶ ሲሆን ቤንዚን በየመንገዱ ዳር በፕላስቲክ ጠርሙስ ይሸጣል። በዚያ ውስጥ ነጭ ጋዝ መቀላቀሉን ለማወቅ ዘይት ከመጨመሩ በፊት አንድ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ይደረጋል፤ ንጹሕ ቤንዚን ተንኖ እጅግም ምልክት አይተውም፣ ነጭ ጋዝ ያለበት ግን የቅባት ክብ ይተዋል። ነጭ ጋዝ የገባበት ቤንዚን ግፊትን አይችልም። ካንዴላው ከለኮሰው ውጪ በራሱ እየፈነዳ ፒስተኑን በመዶሻ እንደሚመታ ያደርገዋል፤ ነጂው ዳገት ላይ የሚሰማው ጠጠር የመንቀጥቀጥ ዓይነት ድምፅ ይህ ነው። የቤንዚኑና የዘይቱ ልክም በግምት አይሰፈርም። እንደ ሞተሩና እንደ ዘይቱ ዓይነት ለ20 ሊትር ቤንዚን ከ400 ሚሊ ሊትር እስከ አንድ ሊትር ሊደርስ ይችላል፤ የአምራቹ መመሪያ ያለው ይከበራል። ዘይት ሲበዛ ይሻላል የሚለው አባባል ገደብ አለው፤ የበዛው ዘይት የቤንዚኑን ቦታ ስለሚይዝ ውህዱን በነዳጅ ያሳሳዋል።

እሳትና ነዳጅ ካሉ የቀረው መታመቅ ነው። አውራ ጣት የካንዴላው ቀዳዳ ላይ ተጭኖ ሲረገጥ ጣቱን በኃይል መግፋት አለበት። መለኪያ ካለ ጋዙ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ደጋግሞ ይረገጣል፤ ብዙ ትንንሽ ሞተሮች ጤነኛ ሲሆኑ ከ100 እስከ 150 ፒኤስአይ ያሳያሉ። ይህ ቁጥር ግን ለባሕር ጠለል የተጻፈ ነው። ቆቦ ወደ 1,470 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው 85 በመቶ ገደማ ነው፤ መለኪያውም በዚያው ልክ ዝቅ ብሎ ያነባል። ስለዚህ ከመጽሐፍ ቁጥር ይልቅ ያው ሞተር ደህና በነበረበት ቀን የተለካው ቁጥር ይበልጣል። የሚያሳዝነው በአብዛኛው ጋራዥ ይህ ቁጥር አለመመዝገቡ ነው።

ሞተሩ ሲከፈት ምርመራው ወደ ዋናው ምስክር ይደርሳል። ፒስተኑ እንደወጣ በቤንዚን አይታጠብም። መጀመሪያ ፀሐይ ላይ ተይዞ እንዳለ ይነበባል። በጭስ መውጫው በኩል ብቻ ከላይ እስከ ታች የተጫረና የተላጠ ከሆነ ሙቀት ወይም የዘይት ማነስ ነው፤ የጋለው ወገን መጀመሪያ ይነክሳልና። ዙሪያውን በሙሉ ከተጫረ ዘይት ጭራሽ አልደረሰም፦ ሳይቀላቀል የተሞላ ቤንዚን፣ ባዶ የዘይት ዕቃ፣ ወይም የፓምፑ ቱቦ ውስጥ የገባ አየር። በአራት ማዕዘን አራት ቀጭን ጭረት ከታየ ሞተሩ ሳይሞቅ ተጋልቧል፣ አለዚያ ሲሊንደሩ በጥገና ሲሰፋ ክፍተቱ ጠቦ ቀርቷል። ይህ ክፍተት በነዚህ ሞተሮች ላይ 0.05 ሚሊ ሜትር አካባቢ፣ የሰው ፀጉር የማያስገባ ነው። አናቱ መሐል የቀለጠ ቀዳዳ ያለው ፒስተን ከልክ በላይ የጋለ፣ ዳር ዳሩ ግን ወፍ የለቀመው እንጀራ የመሰለ ከሆነ ያ የመዶሻ ፍንዳታ የበላው ነው። ፒስተኑ ተገልብጦ ከአናቱ ሥር ሲታይ ደግሞ ዘይት አርሮ የተጋገረበት ጥቁር ክብ ካለ ሙቀቱ የአንድ ቀን ሳይሆን የቆየ ነው።

በራያ ቆላ ከሁሉም ተለይቶ መታወቅ ያለበት ምልክት በመግቢያው በኩል ያለው ነው። የፒስተኑ ቀሚስ በካርቡሬተሩ አቅጣጫ ማብረቅረቁ ጠፍቶ አሸዋ ወረቀት እንደነካው ግራጫ ከሆነ፣ ቀጫጭን ቀጥ ያሉ መስመሮችም ካሉት፣ አቧራ በልቶታል። ሞተሩ ምናልባት በአንድ ቀን አልቆመም፤ ማስነሳቱ እየከበደ፣ ጉልበቱ እየሳሳ ወራት ቆይቷል። ካርቡሬተሩን ከሞተሩ የሚያያይዘው ጎማ ውስጥ ጣት ሲገባ የሚሻክር ነገር ካለ ማስረጃው ተሟልቷል። የስፖንጅ ፊልትሮ የሚሠራው በዘይት ሲለወስ ነው። ደረቅ ስፖንጅ የዚህን አገር አቧራ አያቆምም፤ ጨርሶ ፊልትሮ አውጥቶ መንዳት ደግሞ አቧራውን በቀጥታ ከማስገባት ሌላ አንዳች ትርፍ የለውም። ፊልትሮው ሲወጣ የሚገባው አየር ስለሚጨምር ነዳጁም አብሮ ይሳሳል። በአንድ ስህተት ሁለት ጉዳት ነው።

ነዳጅ የሚያሳሳው ሌላው ምክንያት ከፍታ ነው። ከ2,500 ሜትር በላይ ባለችው በኮረም የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በዚያ የሳሳ አየር ልክ ትንሽ ጄት፣ ማለትም ጠባብ የቤንዚን ቀዳዳ፣ የተገጠመለት ሞተር ወደ ቆቦ ሲወርድ አየሩ ይወፍራል፤ ቤንዚኑ ግን በዚያው ልክ አይጨምርም። የቆላው ሙቀት አየሩን መልሶ ስለሚያሳሳው ልዩነቱን በከፊል ያካክሰዋል፤ ቢሆንም ስምንት በመቶ ያህል ይቀራል፤ ሙሉ ጋዝ ለሚነዳ ደግሞ ይህ ትንሽ አይደለም። ስለዚህ ከደጋ የተዛወረ ሞተር ለመጀመሪያ ጊዜ ቆላ ሲነዳ የካንዴላው መልክ በየዕለቱ መታየት ይኖርበታል።

ፊልትሮው ደህና፣ ጄቱ ትክክል፣ ቤንዚኑ ንጹሕ ሆኖ ፒስተኑ በሙቀት ከነከሰ ወናፉ ይፈተሻል። በክራንክሻፍቱ ሁለት ጫፍ ፓራኦሊዮ የሚባሉ የጎማ መዝጊያዎች አሉ። በማግኔቱ በኩል ያለው ሲያረጅ አየር ያስገባል፦ ሚኒሞው ይጨምራል፣ ካንዴላው ይነጣል፣ በመጨረሻም ፒስተኑ ይነክሳል። በፍሪሲዮኑ በኩል ያለው ሲያረጅ የካምቢዮ ዘይት ይስባል፦ ወፍራም ነጭ ጭስ ይወጣል፣ ካንዴላው ይረጥባል፣ የካምቢዮው ዘይት ሳይፈስ ይጎድላል። ሁለት ተመሳሳይ ጎማዎች ሆነው የሚያመጡት ሕመም ግን ተቃራኒ ነው። ለማረጋገጥ ካርቡሬተሩና ማርሚታ የሚባለው የጭስ ቧንቧ ተፈትተው የሚገጠሙባቸው ቀዳዳዎች በጎማ ይደፈናሉ፤ ፒስተኑ ታች ላይ እንዳለ በካንዴላው ቀዳዳ አየር ይነፋል። ለዚህ ሥራ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የደም ግፊት መለኪያ ጎማና ሰዓት ይበቃል፤ በሰዓቱ ላይ ያለው 300 ከሚፈለገው 0.4 ባር ጋር እኩል ነው። መርፌው ለብዙ ደቂቃ ከቦታው እምብዛም ካልተነቃነቀ ሞተሩ ተዘግቷል። ከወረደ የሳሙና አረፋ በፓራኦሊዮው፣ በጓርኒሲዮኑና በመግቢያው ጎማ ዙሪያ ይቀባል፤ የሚያፈስሰው ቦታ ራሱ አረፋ ነፍቶ ያሳያል።

የቀሩት ምክንያቶች በዓይን የሚታዩ ናቸው። በክረምት በሲሊንደሩ ክንፎች መካከል የገባው ዋልካ ደርቆ እንደ ሸክላ ይጋገራል፤ በአየር ብቻ የሚቀዘቅዝ ሞተር በዚህ ሁኔታ ብርድ ልብስ ለብሷል ማለት ነው። አውድማ አጠገብ የዋለም የጤፍ ጭድ ይሞላበታል። በእንጨት መጫር ይበቃል። ከወንዝ መሻገር በኋላ ወዲያው የቆመ ሞተር ብዙ ጊዜ ካፑ ወይም ማግኔቱ ረጥቦ ነው፤ የፊልትሮው ቤት ውኃ ከያዘ ግን ካንዴላው ወጥቶ ውኃው እስኪወጣ በእጅ ይዞራል እንጂ በኃይል አይረገጥም፤ ውኃ አይታመቅምና ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ የሚያያይዘውን ቢዬላ ያጣምማል። ጉልበቱ በወራት ውስጥ ቀስ እያለ ጠፍቶ ድምፁ የታፈነ ሞተር ደግሞ ማርሚታው በከሰል ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። የውስጡ ቧንቧ ወጥቶ ሲጠረግ አዲስ ሞተር የተገዛ ይመስላል።

በጥገና ላይ በብዛት የሚደርሰው ጥፋት ምክንያቱን ሳያገኙ ዕቃ መለወጥ ነው። ሲሊንደሩ ቶርኖ ቤት ሄዶ በ0.25 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ አዲስ ፒስተንና ፋሻ ይገባል፤ ሞተሩ በደስታ ይነሣል። ያረጀው ፓራኦሊዮ፣ የደረቀው ፊልትሮ ወይም የጠበበው ጄት ግን እዚያው ነው። አዲሱ ፒስተን ደግሞ ገና ያልተላመደና ክፍተቱ ጠባብ ስለሆነ ከአሮጌው ፈጥኖ ይነክሳል። ሲሊንደር ሊሰፋ የሚችለው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ብረት አይተርፍም። አንዲት ሞተር ሳይክል በየቀበሌው እየዞረች የምትሰጠው አገልግሎት በዚህ መንገድ ሲቋረጥ የሚጎዳው ባለሙያውን የሚጠብቀው ገበሬ ነው። ስለዚህ የነከሰ ፒስተን ከሲሊንደሩ ሲወጣ ወደ ቁራጭ ብረት ክምር አይጣል። ቀኑ፣ የተነዳው ኪሎ ሜትርና የቆመበት ቦታ በወረቀት ተጽፎ ይታሰርበትና በጋራዡ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ፤ ቀጣዩ ፒስተን ሲወጣ ሁለቱ ጎን ለጎን ይታዩ።